ሸይባው የማን ነው?

ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሀምዲያን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው ወይ ሰርግ የማይጠራ ነው። በሰፈሩ የሴቶች አፎቻ አለ፤ ለሰርግም ለለቅሶም አብሮ የሚቆም ማኅበር ነው። ሰብሳቢ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የድስትና የሰሃን ኃላፊ እንኳ አለው። ሀምዲያ ከእነዚህ አንዷም አይደለችም። እሷ ከበሮ መቺ ናት። ይህንን የምትናገረው ግን ሌሎቹ ሁሉ በእሷ ሥር እንደሚሠሩ አድርጋ ነው፤ እውነቱ ከተነገረ ደግሞ ይሠራሉ።

እንጀራዋ ቀፊራ ገበያ ነው፤ ቅመም ትሸጣለች። በርበሬ እየሰፈረችም ጣቷ አያርፍም። ጣሳውን ትመታለች፣ ጆንያውን ትመታለች፣ ገዢ ሲነዘንዛት የገዛ ጉልበቷን ትመታለች። ባሏ ነጅሙዲን ዝምተኛና ቻይ ሰው ነው። ገና በተጋቡ ሰሞን፣ "ከእኔና ከከበሮው ማንን ትወጃለሽ?" ብሎ ቢጠይቃት፣ "እሱን ቀድሜ ነው የማውቀው" ብላዋለች። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን አልደገመውም።

ከበሮው ስም አለው። ሸይባ ይባላል፣ ሽማግሌው እንደ ማለት። ክብሩም የሽማግሌ ነው። መሬት አይቀመጥም፣ የራሱ ትራስ አለው። በአንገት የሚንጠለጠል፣ በሁለቱም ፊት የሚመታ፣ የተሸከመውን ሰው ሁሉ የደረሰች እርጉዝ የሚያስመስል ትልቅ ከበሮ ነው። ሀምዲያ ከገበያ ስትመለስ መጀመሪያ "ሸይባ፣ እንዴት ዋልክ?" ትላለች፤ ነጅሙዲን ተራው እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቃል። ሸይባ ሲመታ ድምፁ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከዚራ ሰፈር ድረስ ይሰማል ይባላል። እንዲህ የምትለው ግን ራሷ ሀምዲያ ናት።

ጣጣው የመጣው በነህምያ በኩል ነው። ነህምያ የሳቢያን ሰፈር ልጅ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ አሁን ደግሞ የቅርስ ባለሙያ ነው። በድሬ ሙቀት ከረባት የሚያስር ሰው ነው ከተባለ ስለ ጠባዩ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ከዚራ ውስጥ አዲስ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ሊከፈት ነበርና ቤት ለቤት እየዞረ ዕቃ ሲሰበስብ ሀምዲያ ቤት ደረሰ። ሸይባን ትራሱ ላይ ሲያየው ዓይኑ በራ።

"አዴ ሀምዲያ፣ ይሄ እኮ ድንቅ ቅርስ ነው" አላት።

ሀምዲያም እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው፣ "ካንተ አይበልጥም" አለችው።

የዚህ ደንብ የታወቀ ነው። ሰው ዕቃህን ሲያደንቅ "ካንተ አይበልጥም" ትላለህ፤ እሱ ደግሞ "አይ፣ ለባለቤቱ ይባረክለት" ብሎ እጁን ይሰበስባል። እንዲህ ተባብሎ ዕቃ የወሰደ ሰው ድሬ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። ነህምያም ደንቡን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን መክፈቻው ደርሷል፣ አዳራሹ ባዶ ነው፣ አለቃውም ይጮህበታል። ስለዚህ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ከበሮውን ብድግ አደረገ።

ሀምዲያ ክው አለች። ግን ያለችውን ብላለች፤ ካንተ አይበልጥም ያለችውን ሰው መልሳ "ይበልጥሃል" ልትለው ነው? ዋጥ አደረገችው። "ለመክፈቻው ብቻ ከሆነ ግድ የለም፣ ትራሱንም ግን ውሰድለት" አለች። ነህምያ ትራሱንም ወሰደ፤ መዝገቡ ላይም "ከግለሰብ በስጦታ የተገኘ" ብሎ አሰፈረ።

መክፈቻው አለፈ፤ ሸይባ ግን አልተመለሰም። ሀምዲያ ዛሬ ያመጡታል፣ ነገ ያመጡታል እያለች በሰው ሰርግ ላይ የፕላስቲክ በርሜል ስትደበድብ ከረመች። በዚህ መሃል የመጨረሻ ልጇ ሙኒያ ልትዳር ሆነ። ሙኒያ የተወለደች ዕለት ሀምዲያ አፎቻው ሁሉ ፊት፣ "ወላሂ፣ ይህቺን ልጅ ያለ ሸይባ አልድራትም" ብላ ምላለች። መሐላው የቀልድ አልነበረም፤ ሀምዲያ በሸይባ አትቀልድም። ሠርጉ ደርሶ ከበሮው ከሌለ መሐላዋን ታፈርሳለች፣ ልጇም የበርሜል ሙሽራ ትሆናለች ማለት ነው።

ነጠላዋን አጣፍታ በባጃጅ ከዚራ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ ሸይባ በመስታወት ሳጥን ተቆልፎበት አገኘችው። ሥሩ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ተለጥፏል። በላዩ ደግሞ እርጥብ አየር የሚነፋ ማቀዝቀዣ ይጮሃል።

"ዋሪያ፣ ይሄን ሽማግሌ ምን አድርጎ ነው ያሰራችሁት?" አለች።

ነህምያ አፈረ። ከበሮው አሁን የተመዘገበ ቅርስ በመሆኑ ያለ ፈቃድ ከግቢ እንደማይወጣ ነገራት። ባለቤትነቷን ካረጋገጠች ግን ሊታይላት ይችላል። "ደግሞም…" ብሎ ከረባቱን አላላ፣ "ደግሞ ሌላ ባለቤት ነኝ ባይ መጥታለች። አዴ ደሄቦ አመልክታለች።"

ያንን ስም ስትሰማ የሀምዲያ ጣቶች መስታወቱን መምታት ጀመሩ።

ደሄቦ የልብ ጓደኛዋ ነበረች። ሀምዲያ ስትመታ ደሄቦ ታዜማለች፤ ሁለቱ የሌሉበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። ታዲያ ከዓመታት በፊት አንድ ሰርግ ላይ ሀምዲያ ምቱን ትንሽ አዘገየች። ደሄቦ ዜማዋን አቋርጣ፣ የሙሽራው ዘመዶች በሙሉ እየሰሙ፣ "አቦ፣ እጅሽ ዛለ እኮ" አለቻት። ይኸው ነው። ሌላ አንዳች ነገር አልተደረገም። ሀምዲያ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረቻትም፤ ደሄቦም ሳቢያን ገብታ የራሷን አፎቻ አቋቋመች፣ የፋብሪካ ከበሮም ገዛች። አዳራሹ በተከፈተ ዕለት ሸይባን "የሀምዲያ ስጦታ" ተብሎ ስታየው ነው ብው ያለችው። ማናት እሷ የጋራችንን የምትሰጠው ብላ አመለከተች።

ነህምያ ነገሩን ፍርድ ቤት ልውሰደው ቢል ሙኒያ እስከዚያው ልጅ ወልዳ ትድራለች። ስለዚህ በሽማግሌ እንዲያልቅ ተስማሙና አዩብ ፔጆ ተጠራ። አዩብ ዕድሜውን ሙሉ በአሮጌ ፔጆ ታክሲ ሲሠራ ኖሮ ከመኪናው ጋር አብሮ ጡረታ የወጣ፣ ሰው በተጣላ ቁጥር የሚፈለግ ሰው ነው። የዳኝነቱ ምስጢር በርጫው ነው። ተጣዪዎቹን ቀትር ላይ ፍራሹ ላይ ያስቀምጣል፣ ጫት ያቀርባል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያስቀዳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ሁሉንም ይቅር ብሎ እየተቃቀፈ ይወጣል። ከዚያ ውጭ ሌላ ዘዴ አልነበረውም።

የአሁኑ ጉዳይ ግን ከበሮው ከአዳራሹ ስለማይወጣ እዚያው መታየት ነበረበት፤ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ መቃም ክልክል ነው። የተገናኙትም በሙኒያ የሂና ቀን፣ ልክ ቀትር ሲቃረብ ነው። አዩብ ከመግባቱ ማዛጋት ጀመረ።

"ቶሎ በሉ አቦ" አለ። "ማስረጃችሁን ንገሩኝ።"

"ቆዳው የኔ ነው" አለች ሀምዲያ። "የድሮው ቆዳ ሲቀደድ ፍየሌን አርጄ ነው ያለበስኩት። ያ ፍየል ደግሞ የሰርጌን ሻሽ የበላ ፍየል ነው። ሻሼም እዚያው ውስጥ አለ።"

"እንጨቱ የኔ ነው" አለች ደሄቦ፣ ሀምዲያን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች። "አህያ ረግጦ የሰነጠቀው ጊዜ ደንገጎ ያለው አጎቴ ነው ዋንዛ ቆርጦ አዲስ ግንድ የፈለፈለለት።"

አዩብ ግንባሩን አሸ። "ቆዳውን ቀይራችሁ፣ እንጨቱን ቀይራችሁ፣ ታዲያ ከመጀመሪያው ሸይባ ምን ቀረ?"

"ስሙ" አለች ሀምዲያ።

"ስሙንም ያወጣሁት እኔ ነኝ" አለች ደሄቦ።

ነህምያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "በእኛ መዝገብ ደግሞ የመንግሥት ነው" ሲል፣ ሁለቱም ባንድ አፍ "አንተ ዝም በል" አሉት። በዓመታት ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ወዲያው ትዝ ሲላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

አዩብ ሰዓቱን አየ። በዚህ ሰዓት ፍራሹ ተነጥፎ፣ ጓደኞቹ ተሰብስበው፣ ለምለሙ ጫት ተመርጦ እያለቀ ነው። ሐሳቡ እዚያ ያለ ሰው የሚሰጠውን ዳኝነት ሰጠ። "ያናገረችው ትውሰደው። እየመታችሁ አሰሙኝ፣ የሰማሁት ይበቃኛል።"

ነህምያ የቅርስ ማንሻ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ መስታወቱን ከፈተ። ሀምዲያ ሸይባን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቢስሚላህ ብላ መታችው። ጥፍ አለ። እርጥብ ፍራሽ የመታች ነበር የሚመስለው። ደሄቦ ደንግጣ በሌላኛው ፊቱ ሞከረችው፤ ጥፍ።

"ታሟል" አለች ሀምዲያ።

"አቀዝቅዘውት ነው" አለች ደሄቦ። "ወይ ሸይባ፣ እርጥበቱ ገብቶበት ነው። ፀሐይ ይውጣ።"

ነህምያ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ፤ ኋላ ግን ግቢው ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ እሱም ማንጠልጠያውን ከያዘ፣ ቅርሱ ከእጁ አልወጣም ብሎ ራሱን አሳመነ። ሸይባ በትራሱ ላይ ሆኖ የድሬን የቀትር ፀሐይ ሲሞቅ ነህምያ በኮትና በከረባቱ፣ በነጭ ጓንቱ ማንጠልጠያውን ይዞ አጠገቡ ቀለጠ። ግቢው ውስጥ ያለው ጥላ የአንዲት ኒም ዛፍ ጥላ ብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች ከሥሩ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ጥላው እየጠበበ ሲሄድ ጀርባቸው ተነካካ፤ ሁለቱም አልሸሹም። ከሙቀቱ ነው ይባል።

ከግቢው በር ውጭ ደግሞ የሀምዲያ አፎቻ ሴቶች ለሂናው ለብሰውና አምረው፣ የሚሆነውን ለማየት ተኮልኩለዋል። በእነሱ አፎቻ አንድ የማይሻር ደንብ አለ። ለሙሽራ የተጀመረ ከበሮ መንገድ ላይ አይቆምም፤ የሙሽራዋን ደጃፍ ሳይረግጥ ዝም ካለ ትዳሩም መንገድ ላይ ይቀራል ይላሉ። ስለዚህ ከበሮ ደጅ ላይ ሲመታ የሙሽራ ስም እንዳይጠራ ይጠነቀቃሉ።

ሸይባ ሞቀ። ሀምዲያ አነሳችው፣ በአንድ ጣት ነካ አደረገችው፣ ድው አለ። ያ ድምፅ ምን ያህል ናፍቋት እንደነበር ያን ጊዜ ገና ገባት፤ ዓይኗ በእንባ ሞላ። እጇ በራሱ ሄደ። ከአፏም "ሙኒያዬ፣ ነይ ውጪ" የሚል ዜማ ሾልኮ ወጣ።

አምልጧት ነው ትላለች ሀምዲያ፣ እስከ ዛሬ ትምላለች። አውቃ ነው የሚሉም አሉ፤ ነጅሙዲን ከሚሉት አንዱ ነው። በር ላይ ያሉት ሴቶች ግን ለዚህ ክርክር ጊዜ አልነበራቸውም። እልልታውን አቀለጡት፣ በሩንም ከፈቱት።

"አቁሚ፣ አዴ፣ አቁሚ እንጂ" አለ ነህምያ።

"አይቆምም" አለች ደሄቦ። የሀምዲያ ጠላት ብትሆንም የደንቡ ጠላት አይደለችም። "የሙሽራዋ ስም ተጠርቷል። ከቆመ ልጅቷ ላይ ነው የምትፈርደው።"

ነህምያ ለመወሰን ጊዜ አላገኘም፤ የያዘው ማንጠልጠያ ጎተተው። ቅርሱ ከእጁ መውጣት ስለሌለበት እሱም አብሮ ወጣ። ደሄቦ "ንብረቴን ልጠብቅ" እያለች በሌላው ጎን ተከተለች። አዩብም መንገዱ ወደ ቤቱ ስለነበር ከሁሉም ፊት ሆኖ እየፈጠነ ሄደ።

ደቻቱ ድልድይ ላይ ሲደርሱ የሀምዲያ እጅ ከበዳት። ሥሩ ወንዙ ደርቆ፣ አሸዋው እንደ ምጣድ ግሎ፣ ፍየሎች ጥላ ፍለጋ ይተራመሳሉ። ምቱ ዘገየ። አንዱና ሌላው ምት መሃል ክፍተት ተሰማ፤ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሀምዲያ ደሄቦን አላየቻትም፤ የምትለውን ግን ታውቀዋለች። ያቺው ቃል ናት። ከቆመች ልጇን ጎዳች፤ ካልቆመች እጇ አልታዘዝ ብሏል። ፈራች፣ በጣም ፈራች።

ደሄቦ ምንም አላለችም። ጠጋ ብላ የከበሮውን ሌላኛ ፊት በመዳፏ መታችው። አንዱን ሀምዲያ፣ አንዱን ደሄቦ፤ ምቱ ሞላ። ዜማውንም ከሀምዲያ አፍ ተቀብላ ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች ክፍተቱን ረሱት። ለሁለቱ እንዲመች ነህምያ መሃል ገብቶ ከበሮውን ከሥሩ መደገፍ ነበረበት።

ቀፊራ የገቡት እንዲህ ሆነው ነው፤ በመሃል ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ወጣት፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሴቶች፣ ከኋላ እልልታ። ሙሽራ ያልመሰለው ሰው አልነበረም። ፈንዲሻ በተኑበት። ሽንኩርት ሻጮች ብድግ ብለው አጨበጨቡለት። አንድ ጋሪ ነጂ ወርዶ አቅፎት "እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ" አለው። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሀምዲያንና ደሄቦን አፈራርቃ ካየች በኋላ፣ "ከሁለቱ የትኛዋን ነው?" ብላ ጠየቀች። ነህምያ "ሥራ ላይ ነኝ" ብሎ መለሰ።

ሸይባ የሙኒያን ደጃፍ ሳይቆም ረገጠ። ሙኒያ እጇን ሂና ተቀብታ ስለነበር እናቷን በክንዷ ብቻ አቀፈቻት። ነጅሙዲን ከበሮውን "ሸይባ፣ እንዴት ዋልክ?" አለው፣ ከዚያ ሚስቱን። ነህምያ ትራሱ አዳራሹ ቀርቷል ብሎ ሲጨነቅ ኮቱን አውልቀው አነጠፉለት፣ ለከበሮው።

ሀምዲያ እጇን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ተቀመጠች። ደሄቦ አጠገቧ ነበረች።

"ያኔም ዝሎ ነበር" አለች ሀምዲያ ቀስ ብላ። "እውነትሽን ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች ደሄቦ። "ግን ምን አስቀባጠረኝ። ያኔም ዝም ብዬ በዚያኛው በኩል መምታት ነበረብኝ።"

ከሠርጉ በኋላ ነህምያ ከበሮውን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ፤ ማቀዝቀዣውን ግን አጠፋው። አለቃው ከበሮው እንዴት እንደወጣ ሲጠይቀው፣ ተዘዋዋሪ ኤግዚቢሽን እንደነበር፣ ጎብኚውም እጅግ ብዙ እንደነበር አስረዳ። አለቃው ደስ ብሎት ሌላም ጊዜ ይደገም አለ።

የቀረው ፍርዱ ነው። አዩብ በዚህኛው ቀጠሮ ከበሮው መገኘት አያስፈልግም ብሎ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ፍራሹ፣ ለምለም ጫት ፊቱ አድርጎ ተቀመጠ። ባለጉዳዮቹ ጎን ለጎን ገቡ። አዩብ ዓይኑ በርቷል፣ ምላሱ ተፈቷል፤ የሸይባን ጉዳይ ከሥሩ አጥንቼ ለመወሰን ዝግጁ ነኝ አለ። እስኪወስን ግን አንዲት ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። ክርክሩ እስኪያልቅ ሁለቱም ባለቤት ነን ባዮች አብረው ካልመጡ በስተቀር ከበሮው ለማንም ሰርግ አይወጣም። አንዷ ብቻዋን መውሰድ አትችልም።

"እንግዲህ ልፍረድ" አለ አዩብ።

ሀምዲያ ደሄቦን አየቻት። ደሄቦ ሀምዲያን አየቻት።

"ቀጠሮ ይሰጠን" አለች ሀምዲያ።

"እኔም ማስረጃዬን አላሟላሁም" አለች ደሄቦ።

አዩብ ጫቱን ይዞ ቀረ። "ለመቼ?"

"የኔ ማርያን እስክትዳር ይቆይ" አለች ደሄቦ። "የመጨረሻ ልጄ ናት።"

"ማርያን ስንተኛ ክፍል ደረሰች?" ብላ ጠየቀች ሀምዲያ።

"ስድስተኛ።"

ሀምዲያ ጣቶቿ ፍራሹን ቀስ ብለው እየመቱ ትንሽ አሰበች። "አይ፣ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ትጨርስ" አለች። "ምን ያስቸኩለናል?"